ሙሴ ኦቪላና የመኪኖች ሆድ

ሙሴ ኦቪላ ጠዋት ከቤታቸው ሲወጡ መጀመሪያ ሰላም የሚሉት ሰው አይደለም። ደጅ ላይ የቆመች መኪና ካለች ጎንበስ ይላሉ፤ አንገታቸውን ጠምዝዘው ሆዷን ያያሉ፤ ከዚያ ቀና ብለው ለባለቤቷ ወይ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ወይ «እግዜር ያጽናሽ» ይላሉ።

በረዶ በመጣ ቁጥር መንገዱ ላይ ጨው በሚበተንበት በኬቤክ እንዲህ ያለ ሰው የሌለው መንደር የለም። ጨው ብረት ይበላል፤ እንዲህ ያሉ ሰዎች ደግሞ ዘብ ይቆማሉ። የክቡር ሙሴ ኦቪላ መፈክር «ላዩን ማጠብ ለጎረቤት፣ ሥሩን ዘይት መቀባት ለራስ» የሚል ነው።

የፖስታ ቤቱ ሹም በተቀበሩ ዕለት ሙሴ ኦቪላ ከአስከሬን መኪናው ኋላ ተንበረከኩ። ቄሱ ጸሎት መስሏቸው ልባቸው ተነካ። እሳቸው ግን ተነሥተው ለጎረቤታቸው ለጊዝሌን በጆሮዋ «እሱስ ዐረፈ። ይቺ መኪና ግን ፋሲካን አታይም» አሏት። የጊዝሌን ልጅ እጮኛዋን ልታስተዋውቅ ስታመጣም ቀድመው ያዩት የልጁን ፊት አልነበረም። «ጨዋ ይመስላል፤ ስለ መኪናው ግን መካሪ የለውም» ብለው ፈረዱ።

ቅጠል መርገፍ ሲጀምር የጊዝሌንን አሮጌ መኪና መወጣጫ ላይ አውጥተው፣ ካርቶን አንጥፈው፣ ሥሯ ገብተው በየስንጥቁ ዘይት ይረጩላታል። እሷ ዘይቱ የግቢዋን ድንጋይ አበላሸው ብላ ታማርራለች። እሳቸው የማትንጠባጠብ መኪና የታመመች መኪና ናት ይላሉ።

ዘንድሮ ሐኪሙ ለወገባቸው ሲል ከመኪና ሥር እንዳይገቡ ከለከላቸው። ጊዝሌን ከተማ ካለ ጋራዥ ቀጠሮ ያዘች፤ በልቧም ለድንጋይዋ ደስ አላት። ስትነግራቸው «ጥሩ ነው። እነሱ ማንሻ አላቸው» ብቻ አሉ።

ከዚያ ወዲህ በመኪናዋ አጠገብ ሲያልፉ ጎንበስ ማለት ተዉ። ወገባቸው ነው ብላ ራሷን አጽናናች። አንድ ጠዋት ግን ድመት ለመዳበስ ያለ ችግር ጎንበስ ሲሉ በመስኮት አየቻቸው።

ቀጠሮውን ሰርዛ፣ አሮጌ የዝናብ ልብስ ለብሳ፣ ከመኪናዋ ሥር ካርቶኑ ላይ ተጋደመች። ሙሴ ኦቪላ ወንበር አምጥተው አጠገቧ ተቀመጡ።

«ምን ይታይሻል?»

«ጭቃ።»

«ጭቃማ ለማን አይታይም? ፋቂና እይ።»

«ከኋላ ጎማው በላይ ዝገት ጀምሯል።»

«አምና አልነበረም።» ድምፃቸው የምሥራች የሰማ ሰው ድምፅ ነበር። «ዘይቱን አጠጪው እንጂ፣ አንቺ ሴትዮ፤ እንደ ሽቶ ነካ ነካ አደረግሽው እኮ።»

«አፌ ገባ፣ ሙሴ ኦቪላ።»

«እንግዲህ አንቺም አትዝጊም።»

ዘይቱ መንጠባጠቡን እንዲተው አቧራ ሊለጠፍበት ስለሚገባ፣ ከምሳ በኋላ ሁለቱም ከእርሻዎቹ ወዲያ ወዳለው የጠጠር መንገድ ሄዱ። ጊዝሌን ትነዳለች፤ እሳቸው አቧራው የሚበዛበትን ዳር በጣታቸው ያሳያሉ።