በአካል ይቅረቡ

አንባቢ ሆይ፣ «በአካል ይቅረቡ» ሳይል የማይውል የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ገጥሞዎት ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል። ጎረቤቴ ሃምሳ አለቃ ደምሴ ኮሪያ ዘምተው ሁለት እግሮቻቸውን ያጡ ሰው ናቸው። ቁስላቸው ዳግም ስላመረቀዘ፣ ድሬሰር ቤታቸው እየመጣ እንዲያጥብላቸው ለጤና መሥሪያ ቤቱ ማመልከቻ ጻፍኩላቸው። ጸሐፊው፣ «መንቀሳቀስ አለመቻላቸው እንዲረጋገጥ በአካል ይቅረቡ» አለ። ምን ይደረግ? ከሦስት የፋብሪካ ባልደረቦቼ ጋር በቃሬዛ ተሸክመን፣ ከአቃቂ ተነስተን ሳሪስን አልፈን መሥሪያ ቤቱ አደረስናቸው።

«ይኸው መጡ አይደል? መምጣት ለሚችል ሰው ድሬሰር ቤቱ አይላክም» አላቸው፣ ሳያፍር።

«ልጄ፣ በአካል መች ቀረብኩ? ግማሹ ኮሪያ ነው» አሉት።

ተሸክመን መለስናቸው። ቁስላቸውን ዛሬም የማጥበው እኔ ነኝ። ድሬሰር አይደለሁም፤ በአካል ግን እቀርባለሁ።