ሳክስፎኑን ከሳክስፎኒስቱ አልበም ስለማስወጣት የተያዘ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ማክሰኞ ጥቅምት 12፣ ከቀኑ 8፡10
ቦታ፦ ስቱዲዮው፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ መቅጃ ክፍል

የተገኙ፦
1. ሳክስፎኒስቱ፣ የአልበሙ ባለቤት
2. ታላቅ ወንድሙ፣ ሰብሳቢ (ሙዚቃ ስለማያውቁ ገለልተኛ ናቸው ተብለው የተመረጡ)
3. አናጢው፣ መጋዝን እንደ ማሲንቆ በደጋን ተጫዋች
4. እትዬ ብርጭቆ፣ ውሃ የተሞሉ ብርጭቆዎችን በጣት ተጫዋች
5. ጸሐፊው፣ ፒያኖ ተጫዋች የነበረ፤ ባለፈው ስብሰባ መሣሪያው «እጅግ የታወቀ ነው» ተብሎ ከአልበሙ ሲወጣ፣ እጁ ሥራ እንዳይፈታ እስክሪብቶ የተሰጠው። ድምፅ የለውም።

ምልዓተ ጉባኤው በመሟላቱ ስብሰባው ተጀመረ።

አጀንዳ 1፦ «ያልተለመዱ መሣሪያዎች» የሚለውን የአልበሙን ርዕስ ስለማስከበር

አናጢው ርዕሱ ይህ ከሆነ ሳክስፎን እዚህ ምን ይሠራል ሲሉ ጠየቁ። እትዬ ብርጭቆ ደግፈው፣ ሳክስፎን በየሆቴሉ የሚነፋ መሆኑን አስረዱ። ሳክስፎኒስቱ በዚሁ ክፍል አሥራ አንድ ዓመት ለዚህ አልበም ሲለማመድ መኖሩን፣ ሁለቱንም የጋበዘው ራሱ መሆኑን ገልጾ፣ «ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ» ማለቱ እንዲመዘገብለት ጠየቀ። ተመዝግቧል። ፒያኖው ሲባረር ሳክስፎኒስቱም እጁን ለድጋፍ ማውጣቱን ጸሐፊው ሊያስታውስ ፈልጎ፣ ድምፅ ስለሌለው ዋጥ አደረገው።

ከረዥም ውይይት በኋላ ሳክስፎኑ በሁለት ድጋፍና በአንድ ተቃውሞ እንዲወጣ ተወሰነ። ሰብሳቢው ድምፀ ተአቅቦ አድርገዋል። ሳክስፎኒስቱ «ጋሼ» ብሎ ቢጠራቸውም ጣሪያ ጣሪያውን ሲያዩ ነበር።

አጀንዳ 2፦ ይግባኝ

ሳክስፎኒስቱ የበሩ ጠባቂ ይጠሩና ስሙን የማያውቁት መሣሪያ ብቻ ያልተለመደ ይባል አለ። አናጢውና እትዬ ብርጭቆ በራሳቸው ተማምነው ተስማሙ።

ጠባቂው መጥተው መጋዙን «መጋዝ»፣ ብርጭቆዎቹን «ብርጭቆ፤ ይቺኛዋ ጠርዟ ተሸርፏል» አሉ። አናጢው መጋዙ ሲጫወት ሌላ ነገር እንደሚሆን ቢያብራሩም፣ ጠባቂው ልክ እንደሱ ያለ ቤታቸው እንዳላቸው ገለጹ። በዚህ ጊዜ ጸሐፊውን ሳል ይዞት ነበር።

ሳክስፎኑን ግን አገላብጠው አይተው ምን እንደሚባል አላወቁም። ሳክስፎኒስቱ ጥቂት ሲነፋላቸው ቆባቸውን አወለቁ።

«ይኼን ድምፅማ አሥራ አንድ ዓመት በር ላይ ሆኜ ሰምቼዋለሁ፤ ቀኑን የሚገፋልኝ እሱ ነው። ዕቃውን ግን በሳጥን ሲያልፍ እንጂ አይቼው አላውቅም። ማን ና እይ ብሎኝ?»

ሳክስፎኒስቱ ተነሥቶ ወንበሩን ለቀቀላቸው።

ውሳኔ፦ ዛሬም ሆነ ባለፈው ስብሰባ የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። ሁሉም ይጫወታል፤ ጠባቂው ቁጭ ብለው ያዳምጣሉ። በሩ ያለ ጠባቂ መቆየቱ ታውቆ ታልፏል።

ስብሰባው ከቀኑ 10፡25 ተበተነ። ጸሐፊው ወደ ፒያኖው ስለተመለሰ፣ ይህን ቃለ ጉባኤ የሚፈርም ጸሐፊ የለም።