የሁለቱ አባቶች አስተርጓሚ

(ተርጓሚ ለሚፈልግ ሰው ተርጓሚ የምታገናኝ እህት፣ ስልኳን ይዛ ቢሮዋ ውስጥ ትንጎራደዳለች። ታናሽ ወንድሟ ወንበር ላይ ተዘርፍጧል። ከስሱ ግድግዳ ማዶ ሁለት አባቶች ተፋጠው ተቀምጠዋል፤ ጃፓናዊው የሙሽራዋ አባት፣ ዐረቡ የሙሽራው።)

እህት፦ ተርጓሚም አስተርጓሚም ያው ነው አልኩህ! "አስ" ስለተጨመረበት ምን ይሆናል?

ወንድም፦ እትዬ፣ አሁን የደወልሽለት ሰውዬ እኮ "ጽሑፉን ላኪልኝ፣ በሳምንቱ እመልሳለሁ" ነው ያለሽ።

እህት፦ እና?

ወንድም፦ እናማ የጃፓኑ አባት ዛሬ "እንደምን አደሩ" ቢሉ፣ የዐረቡ "ደህና" የሚሉት በሳምንቱ ነዋ።

እህት፦ ላንተ ማስረዳት ድንጋይ ላይ ውሃ ማፍሰስ ነው! እሺ፣ ሌላ መላ። አንዱ ከጃፓንኛ ወደ እንግሊዝኛ፣ ሌላው ከእንግሊዝኛ ወደ ዐረብኛ። እንደ ጡብ መቀባበል!

ወንድም፦ ጡብማ ቢቀባበሉትም ጡብ ሆኖ ይደርሳል። ወሬ ግን… ያ "ጉንፋን ያዘው" ያልነው ጎረቤታችን፣ ወሬው ሦስተኛው ቤት ሲደርስ ተቀብሮ አልነበር?

እህት፦ (ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ትጥላለች) ታዲያ ምን ይዋጠኝ? አባቶቹ ሳይግባቡ ከተለያዩ እነዚያ ልጆች ተለያዩ ማለት ነው!

ወንድም፦ ያቺ ጠዋት የመጣችውስ? በግሏ የምትሠራው፣ ሁለቱንም እችላለሁ ያለችው?

እህት፦ ፈትኜ መለስኳት። ጃፓንኛዋ አልጣመኝም።

ወንድም፦ ጃፓንኛ ትችያለሽ እንዴ?

እህት፦ ጆሮ አለኝ! ጃፓንኛ ቆፍጠን ይላል፤ የሷ ልፍስፍስ ነው።

(ከግድግዳው ማዶ የሁለት ጎልማሶች ሳቅ ይፈነዳል።)

እህት፦ ኧረ! ማነው ያሳቃቸው?

ወንድም፦ እሷው ናት። ደረጃው ላይ አግኝቼ አስገባኋት። ልነግርሽ ብል መች አስተነፈስሽኝ?

እህት፦ ሳትፈትናት?!

ወንድም፦ እኔማ በምን አውቄ? የቋንቋው ባለቤቶች ይፈትኗት ብዬ ነው። ሳስገባት ላንዳቸው ተናገረች፣ ፈገግ አሉ። ለሌላኛቸው ተናገረች፣ እሳቸውም ፈገግ አሉ። አለፈች አልኩ።

እህት፦ (ቀሚሷን እያስተካከለች) ዋናው ያፍታታቸው የኔ ሰላምታ ነው። በር ላይ ሁለቱንም በየቋንቋቸው ነው የተቀበልኳቸው!

ወንድም፦ ቆይ፣ ልጠይቅልሽ። (በሩን ገርበብ አድርጎ ከአስተርጓሚዋ ጋር ይንሾካሾካል። ከንፈሩን ነክሶ ይመለሳል።) እውነትሽን ነው እትዬ። የሚስቁት በሰላምታሽ ነው።

እህት፦ አላልኩህም! ምን አሉ?

ወንድም፦ የጃፓኑ አባት "ዐረብኛ እንዲህ ከባድ ነው እንዴ?" ብለው ጠየቁ።

እህት፦ የዐረቡስ?

ወንድም፦ "እኔ እኮ ጃፓንኛ መስሎኝ ነበር!"

እህት፦ (ወንበር እየፈለገች) ወይ ጉዴ… ጋብቻውስ?

ወንድም፦ ተስማምተዋል። አንድ ነገር ብቻ ለምነዋል፤ ሠርጉ ላይ ንግግር የምታደርጊው አንቺ ነሽ፣ ያለ አስተርጓሚ።