የስንሻው ጎፈሬና የጉም ጭራ

ሕልም የግድ በሌሊት ይታያል ያለው ማን ነው? አዝማሪ ስንሻው የሱን ያየው በጥምቀት ማግስት፣ ፀሐይ አናት ላይ ቆማ፣ በቀኛዝማች ክንፈ ሚካኤል ጋጣ ውስጥ ድርቆሽ ላይ ተጋድሞ ነው። ድርቆሹ ጎኑን ይኮሰኩሰው ነበር፤ ኅሊናው ግን ከድርቆሹ ይብስ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከቀትር በኋላ ጉግስ አለ። ስንሻውና ሚስቱ ይመናሹ የሦስት ቀን መንገድ የመጡት እሱ መሰንቆ ሊመታ፣ እሷ ልታጨበጭብና ዘፈኑን ልትቀበል ነው። መሰንቆውን ከስልቻው ሲያወጣ ግን ክሩ ተበጥሶ ቆየው። የመሰንቆ ክር የሚሠራው ከፈረስ ጭራ ነው፤ ጋጣው ውስጥ ያለውም ፈረስ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ጉም። ጉም የቀኛዝማች ነጭ ፈረስ ነው፤ በአገሩ ሁለተኛ ነጭ ፈረስ የለም። ቀኛዝማችም "ጉምን የነካ እጁን እቆርጣለሁ" ብለው በአደባባይ ምለዋል።

"ሂድና ለምናቸው" አለችው ይመናሹ።

"ሚስትዎን ስጡኝ ብላቸው ይቀላል።"

ቢላዋውን አወጣና አንድ ጭብጥ ቆረጠ። ስለቸኮለ አንዱ ጭብጥ ሦስት ሆነ። ክሩን ወጠረ። ክሩ ከሩቅ የሚያበራ ነጭ ነበር። ከዚያ በሄደበት አገር ሁሉ የሚታወቅበትን፣ ለማበጠር ብቻ ግማሽ ቀን የሚፈጅበትን ጎፈሬውን ድርቆሹ ላይ አሳረፈና እንቅልፍ ይዞት ሄደ።

በሕልሙ ራሱን በቀኛዝማች አዳራሽ አልጋ ላይ፣ ግራና ቀኝ ትራስ ተደግፎ አገኘው። በሩ ላይ መኳንንቱ አቧራ ለብሰው፣ መሰንቆ አንግበው ተሰልፈዋል። በረኛው ሙክት በግ ነበር። በትሩን ይዞ ይገስጻቸዋል።

"አትጋፉ! ጌቶች ምሳ ላይ ናቸው።"

"አንድ ዜማ ብቻ፣ ወንድሜ ሙክት" አለ አንድ ደጃዝማች።

"ትናንትም አንድ ብለህ ስድስት ዘፈንክ!"

ውስጥ ትልቅ ግብር ነው። አንድ ሰንጋ ሽርጥ አሸርጦ ለምለም ሣር እየቆረጠ ያድላል። "ከሻኛው ይሁንልዎ ከጎድኑ?" አለው። ስንሻው "ከጎድኑ" አለ፤ ሣሩም እውነትም ጎድን ጎድን ይል ነበር። ይመናሹ ከጎኑ ተቀምጣለች። የቀኛዝማች ሚስት ፊቷ ቆመው ላብ በላብ ሆነው እስክስታ ይወርዳሉ። ዕድሜ ልኳን ስታጨበጭብ የኖረችው ይመናሹ እጇን ጭኗ ላይ ጥላ "ትከሻሽ ላላ ይበል እንጂ፣ እመቤቴ!" ትላለች። ስንሻው ሚስቱ እጇን ስታሳርፍ አይቷት አያውቅምና ደስ አለው።

ቀኛዝማች መሰንቆ ይዘው ገቡ፤ መሬት ስመው ቆሙ።

"ጌታዬ ስንሻው፣ ዝናዎን ሰምቼ መጣሁ።"

"የምን ዝና?"

ቀኛዝማች ከራሱ እስከ እግሩ ቃኙት። ግንባራቸው በላብ ተሞላ። "ትንሽ ይታገሡኝ፣ ልፈልግልዎ" አሉ።

ስንሻው አዘነላቸው። እሱስ ስንት ጊዜ ነው አንዳች የሚወደስ ነገር በሌለው ሰው ፊት ቆሞ ሲፈልግ የኖረው? "አይዞህ ክንፈ ሚካኤል፣ ጊዜ አለህ" አላቸው። በመጨረሻ ቀኛዝማች አገኙ። "ሰላሳ ቁንጫ በአንድ ቀን ገዳይ! ዝናብ ፊት ያልሸሸ! ባለ አንድ ሱሪ!" አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። ስንሻው ደረቱን ነፋ። የተባለው ሁሉ እውነት ነበር፤ እሱ ግን ለማንም እንዲህ ያለ እውነተኛ ውዳሴ ዘፍኖ አያውቅም።

በዚህ መሐል ጉም ገባ። በሁለት እግሩ ነው የሚሄደው፤ ኩታውን አጣፍቷል፤ በሰኮናው መሰንቆ ይዟል። አዳራሹ መንገድ ለቀቀለት።

"ጌታዬ፣ እኔም አዝማሪ ነኝ" አለ ጉም። "መሰንቆዬ ግን ክር የለውም።"

"ምን ላድርግልህ ታዲያ?"

"ፀጉር ይስጡኝ።"

ስንሻው ሁለት እጁን ጎፈሬው ላይ ጫነ። እምቢ ሊል አፉን ከፈተ፤ የጉምን ጭራ አየና መልሶ ዘጋው። ወርዶ ተንበረከከ። ጉም ከኩታው ሥር ምላጭ አወጣ፤ ቀስ ብሎ፣ ከጆሮው እስከ ጆሮው ላጨው።

"ያምዎታል?"

"አያመኝም" አለ ስንሻው። "ግን አፍራለሁ።"

"እኔም" አለ ጉም።

ከዚያ ክሩን ወጥሮ መምታት ጀመረ። ጉድ ነው! ያ ፀጉር ስንሻው ከልጅነቱ ጀምሮ የሰማውን ዜማ ሁሉ ይዞ ኖሯል። በረኛው ሙክት በትሩን ጥሎ ጨፈረ፤ ሰንጋው ሽርጡን አውለበለበ፤ መኳንንቱ ከደጅ እየዘለሉ ገቡ። ስንሻውም መላጣውን ይዞ እያለቀሰ፣ እየሳቀ ጨፈረ። ጉም ዐይኑን ጨፈነና አንቱታውን ትቶ፣ አዝማሪ ነውና፣ እንዲህ ሲል አዜመ፦

ጭራዬን ብትለምነኝ እሰጥህ ነበረ፣
ሳትነግረኝ ቆርጠኸው ዝንብ ሁሉ ሰፈረ።

"ድገመው!" አለ አዳራሹ። ጉም ደገመው። "ድገመው!" ሲሉ—

"ስንሻው! ተነሣ!" አለችው ይመናሹ።

ዐይኑን ገለጠ። መጀመሪያ ራሱን ዳበሰ፤ ጎፈሬው አለ። ተመስገን ብሎ ቀና ሲል ቀኛዝማች ጉምን ወደ ደጅ አውጥተው፣ ልጓሙን ይዘው ፊት ለፊት ቆመዋል። የጉግሱ ሕዝብ ከፈረሱ በስተኋላ ተሰብስቧል። ሁሉም አፉን በእጁ ይዟል።

"አየህ?" አሉ ቀኛዝማች፣ "ሕዝቡ በፈረሴ ውበት አፉን ያዘ። በል አወድስልኝ። ሁልጊዜ ከራሱ ነው የምትጀምረው፤ ዛሬ ከጭራው ጀምር።"

ስንሻው መሰንቆውን አነሣ። ክሩ ፀሐይ ላይ ቦግ አለ። ይመናሹ ለማጨብጨብ ያነሣችው እጅ አየር ላይ ቀረ። ስንሻው የራሱን እጅ አየ፤ ሊሰናበተው መሰለው። ግጥም ፈለገ፤ ከጉም ግጥም በቀር አንድም አልመጣለትም። ጨነቀውና እሱኑ ዘፈነው።

ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። ቀኛዝማች ዞረው ጭራውን አዩ። አንድ ጉማጅ ቀርቷል፤ ዝንብ ወሮታል። ተመልሰው ነጩን ክር አዩ። ፊታቸው በርበሬ መሰለ። ግን ከንፈራቸው አልታዘዝ ብሏቸው ሳቅ አመለጣቸው።

"በመሰንቆ የተናዘዘ አይቀጣም፤ ልማዱ ነው። እጅህን ምሬሃለሁ" አሉ። ከዚያ ዐይናቸው ቀስ ብሎ ወደ ስንሻው ጎፈሬ ወጣ። "ፈረሴ ግን ያለ ጭራ ጉግስ አይወጣም። ምላጭ አምጡ!"

ይመናሹ እየሳቀች ማጨብጨብ ጀመረች። ስንሻው ተንበረከከ።

"ያምህ ይሆን?" አሉ ቀኛዝማች፣ ምላጩን እየሞከሩ።

"አያመኝም ጌታዬ። ግን አፍራለሁ።"

ጉም ከበላዩ አሽካካ። ሰዉ ሁሉ የፈረስ ድምፅ ነው የሰማው፤ ስንሻው ግን "እኔም" ሲለው በደንብ ሰማው።