ዓቃቤ ቅኝት ማንደፍሮ የጀሪካኑን ዘፈን ስለወደዱበት ዘመቻ

አንተ አንባቢ፣ ዘፈንን ከጫጫታ የምትለየው በማን ፈቃድ ነው? በጆሮዬ ነው ካልህ ተሳስተሃል። ሰቆጣ ላይ ይህ በማኅተም የሚሠራ ሥራ ነው፤ ማኅተሙም በክቡር አቶ ማንደፍሮ መሳቢያ ተቆልፎበታል።

በዘመነ ማርቆስ፣ በወርኃ ሐምሌ፣ የባህል ባለሙያው ማንደፍሮ፣ ዓቃቤ ቅኝት ወመኰንነ ዜማ፣ ወደ ባሕር ዳር ዝውውር በጠየቁ በሦስተኛው ዓመት፣ ለሻደይ በዓል መድረክ ዘፋኞችን ይመርጡ ዘንድ በከተማው ሜዳ፣ በተሰበሰበው ሕዝብ ፊት፣ በወንበራቸው ተቀመጡ፤ በቀኛቸው ጸሐፊያቸው የትናየት ማኅተሙን ከመሳቢያው አውጥታ አቅፋ፣ በግራቸው ዘበኛው ምንዋጋው ዱላውን ተደግፎ፣ በኋላቸውም ሲታዘዝ የሚያጨበጭበው ኮሚቴ ተደርድሮ። ከፃግብጂ የመጣችው ዝናሽም ጀሪካን አዝላ ቀርባ፣ በአገሯ ተራራ በተቀረጸ ፊልም ውስጥ የተጫወተችውን ዘፈን ጀመረች። በዚህ ዘፈን ክራር የለም፣ ማሲንቆ የለም፣ ኪቦርድም የለም፤ አንዲት ሴት ግማሽ የሞላ ጀሪካን አዝላ ዳገት ትወጣለች፣ ውሃው ሲላጋ ምት ይሆናታል፣ እርሷም ኽምጥኛውን ካማርኛው እየቀላቀለች በትንፋሿ ልክ ታዜማለች። ለማረፍ ስትቆም ዘፈኑም አብሯት ይቆማል፤ ጭጭ ይላል፤ ከዚያ ደግሞ ይነሣል። ምርጫውን ያለፈች በኪነት ቡድኑ ትቀጠራለች፤ ያላለፈች ወደ እውነተኛው ጀሪካኗ ትመለሳለች።

ማንደፍሮ ግን እስከ ማረፊያው እንኳ አልታገሷትም። ገና በዳገቱ መጀመሪያ እጃቸውን አንሥተው አስቆሟት፣ እንዲህም ሲሉ አወጁ፣ አዋጁም በሰሌዳ ተለጠፈ፦ «ትዝታ ያይደለ፣ ባቲ ያይደለ፣ አምባሰል ያይደለ፣ አንቺ ሆዬም ያይደለ፣ የውሃ ቦጭ ቦጭና የሰው ማለክለክ ዘፈን አይባልም! ዝናሽ በሻደይ መድረክ አትቆምም!» ኮሚቴውም አጨበጨበ።

ወእምዝ፣ የዝውውሩን ነገር በእጇ ለያዘችው ለወይዘሮ ጸሐይነሽ ስልክ ደወሉ። እርሷ ስልክ ባለማንሣት የታወቀች ናት፤ ደዋይ ሲጠብቃት የሚሰማው የጥሪ ማሳመሪያዋም ይኸው ከፊልሙ የተወሰደው የጀሪካን ዘፈን ነበረ። ማንደፍሮ አላወቁትም፤ ምኑን ሰምተው ያውቁታል? ውሃው ሲላጋ መስመሩ ተበላሸ አሉ፤ ዝምታው ሲመጣ ኔትወርኩ ተቆረጠ አሉ፤ ዘግተው ደወሉ፣ ደውለው ዘጉ። በመጨረሻም ኔትወርክ ፍለጋ ክተት ተባለ፣ ከከተማው በላይ ወዳለው ጉብታም ዘመቱ፤ የትናየት ጃንጥላና ፓወር ባንክ ተሸክማ፣ ኮሚቴው ጭቃ እየረገጠ፣ ከፊት ምንዋጋው ዱላውን እየነቀነቀ፣ እንዲህም እያወጀ፦ «እናንተ ከብት የምትነዱ፣ ጸጥ በሉ! ጋሼ ኔትወርክ እየያዙ ነው! አንተ፣ ያን ውሻ ዝም አሰኘው እንጂ!»

በጉብታውም ላይ ስልኩ ኔትወርክ ሞልቶ እያሳየ፣ ዝምታው እንደ ቀድሞው ጊዜውን ጠብቆ መጣ። ያን ጊዜ ማንደፍሮ ዝምታው የኔትወርኩ ሳይሆን የዘፈኑ መሆኑን አስተዋሉ፤ ይህን ለማስተዋል ተራራ መውጣት ያስፈለጋቸው የመጀመሪያው ባለሙያ እርሳቸው ናቸው። በማግሥቱም ወጡ፣ በሣልስቱም ወጡ። ውሃው ከእርምጃዋ ጋር እንደሚሄድ ሰሙ፤ ስትቆም የራሳቸውን ትንፋሽ መያዝ ጀመሩ፤ ከዕረፍቱ በኋላ ድምፅዋ ትንሽ ዝቅ ብሎ እንደሚመለስም ሰሙ፣ የቀረውን ዳገት ቀና ብሎ እንዳየ ሰው ድምፅ። እውነት ለመናገር እዚህ ላይ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ነፋስ ነው አሉ።

ወይዘሮ ጸሐይነሽም በክፉ ሰዓት ስልኩን አንሥታ እንዲህ ስትል አወጀች፦ «ሃሎ! ኧረ ስንት ጊዜ ነው የሚደውሉት? የባሕር ዳሯ ቦታ ዛሬ ትዘጋለች፤ ይመጣሉ አይመጡም?» ማንደፍሮም ዝምታው አልፎ ድምፅዋ ሊመለስ ሲል ስለተቋረጠባቸው ተቆጥተው አወጁ፦ «እባክዎ ይዝጉት! መልሼ እደውላለሁ፤ አያንሡት!» ቦታዋም ለሌላ ሰው ተሰጠች።

ከዚህ በኋላ ማንደፍሮ መልሰው ሲደውሉ የትናየት ስልኩን ተቀብላ ጆሮዋ ላይ አድርጋ ሰማች፣ በጉብታው ላይም ጮኻ አወጀች፦ «ውይ ጋሼ! ይኼ እኮ እርስዎ የከለከሉት የዝናሽ ዘፈን ነው!» ኮሚቴው ጫማውን አየ። ምንዋጋው ዱላውን አየ።

ማንደፍሮስ አዋጁን ቀደዱት? በፍጹም! ዘፈኑን የራሳቸው የጥሪ ማሳመሪያ አድርገው አስሞሉት! አሁን የሚደውልላቸው ሁሉ የዚያችን ልጅ ትንፋሽ እየሰማ እርሳቸውን ይጠብቃል። ዝናሽ ይህን ሰምታ ከቢሯቸው መስኮት ሥር ቆማ አወጀች፦ «ጋሼ ማንደፍሮ! ስልክዎ ላይ ስሆን ዘፈን፣ ሜዳ ላይ ስሆን ጫጫታ የምሆነው በየት በኩል ነው?» ለእርሷም በምንዋጋው አፍ መልስ ወጣላት፦ «ጉዳዩ በኮሚቴ እየታየ ነው።» ምን የሚታይ ነገር አለው? የሚሰማ ነገር ነው!

እንግዲህ ምስጋና ለማንደፍሮ ይሁን፤ ሳይሰሙ ለፈረዱ፣ ሰምተው ላለቀሱ፣ አልቅሰውም ማኅተማቸውን ላልነኩ፤ በአንድ ጆሯቸው ከልክለው በሌላው ለሚያዳምጡ፤ ወንበራቸው ይጽና። ሻደይ ግን ደርሷል፣ አዋጁም ከሰሌዳው አልወረደም። ክቡር ሆይ፣ በደብዳቤ አይደለም፣ በኮሚቴ አይደለም፣ በዘበኛም አይደለም፤ ልጅቱን ባስቆሙበት ሕዝብ ፊት ማይክራፎኑን ይዘው በራስዎ አፍ ይመልሱ፦ ዝናሽ ትዘፍናለች ወይስ አትዘፍንም?