አርፋጅ የሚደርስበት ተዋናይ

ሀበሻ ያረፍዳል እየተባልን ስንታማ እንኖራለን። ግን ማርፈድ የፍትሕ መለኪያ ሊሆን እንደሚችል አስባችሁ ታውቃላችሁ?

አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ሳለን ቲም የሚባል ተዋናይ ጎረቤት ነበረን። ወላጆቹ ከቬትናም ቢመጡም እሱ እዚያው ቨርጂኒያ የተወለደ ነው። ቲያትር በጋበዘን ቁጥር እንደ ልማዳችን ግማሽ ሰዓት አርፍደን ስንደርስ፣ እሱ ለካ መድረኩ ላይ የምግብ አድራሽ ሚናውን ተጫውቶ፣ የቻይና ምግብ አድርሶ፣ እጅ ነስቶ ወጥቷል።

"ባናረፍድ እናየው ነበር" ብል አብረውን የሚኖሩት ጋሽ ታደሰ ተቆጡ።

"ሰው እስኪቀመጥ እንኳ መድረክ ላይ የማያቆዩትን ልጅ እኛ ምን እናድርገው?"

አንድ ቀን ቲም የሐኪም ሚና ማግኘቱን በስልካችን አንሰሪንግ ማሽን ላይ መልእክት ትቶ ነገረን። ቲያትሩ ያለበት ሲልቨር ስፕሪንግ ፓርኪንግ ስንፈልግ፣ ከተጀመረ አንድ ሰዓት አለፈው። በሩን ስንከፍት ቲም መድረኩ መሃል ቆሞ በሽተኛ ይቆጣል። ጋሽ ታደሰ ኮታቸውን ሳያወልቁ ማጨብጨብ ጀመሩ። እጃቸውን ይዤ ላስቀምጣቸው ብል፣

"ተወኝማ!" አሉኝ፤ "አርፍደን ደረስንበት እኮ!"