የመከታ ጠያቂዎች

በአቃቂ በሰቃ ሰው ታሞ ብቻውን አይተኛም። ይህ የሰፈሩ ክብር ነው፤ ማንም ሊያማው አይገባም። የጡረተኛው የአቶ ሳህሌ ውሻ መከታ ባስመለሰው ዕለት ደግሞ ይኸው ክብር ባለ አራት እግሮችንም እንደሚጨምር በይፋ ታወቀ።

"ሁለት ምርጫ አለዎት" አለች የእንስሳት ሐኪሟ ዶክተር እምነት የውሻውን ሆድ ዳስሳ። "እዚሁ ይተኛና ግሉኮስ እንስጠው። ወይም ቤትዎ ያስታምሙት፤ ግን እስከ ነገ ከውሃ በቀር ምንም እንዳይቀምስ። አንጀቱ ተጎድቷል፤ ከበላ ይሞትብዎታል።"

"ቤት እያለኝ ልጄን ለባዕድ ጥዬ አልሄድም!" አሉ አቶ ሳህሌ ደረታቸውን ነፍተው። ዓይናቸው ግን እንባ አቅርሮ ነበር። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ከደጅ ሲገቡ የሚቀበላቸው መከታ ብቻ ነው።

ገና ከባጃጅ ሳይወርዱ ወሬው ሰፈሩን አዳርሷል። ጎረቤታቸው ወይዘሮ መሰለች መረቅ በድስት ይዘው ከተፍ አሉ።

"እግዜር ይማረው! ምነው እንዲህ መነመነ ጋሽ ሳህሌ?"

"ሐኪሟ ምንም እንዳይቀምስ ብላለች።"

"ታዲያ በረሃብ ይለቅ? ይቺን ብቻ!"

እዚህ ላይ አቶ ሳህሌ "አይሆንም" ማለት ነበረባቸው። ግን ድስት ተሸክሞ የመጣ ጎረቤት እንዴት ይመለሳል? ሰውስ ምን ይላል? "እንግዲህ... ካሉ" አሉ። መከታም ድስቱን ላሰ።

ቀጥለው የእድሩ ዳኛ አቶ ቀናው ገቡ። እሳቸው ሳይናገሩ አይቀመጡም። "በመሠረቱ" አሉ ቆመው "ሐኪም የራሱ ድርሻ አለው። ማኅበረሰቡም የራሱ ድርሻ አለው። የማኅበረሰቡ ድርሻ..." ብለው የያዙትን ፌስታል ፈቱ፤ "ጉበት ነው።"

የመሰለችን መረቅ ተቀብሎ የቀናውን ጉበት መመለስ መቼም አድልዎ ነው። ባለሱቁ ሀይረዲን "ወተት መድኃኒት ነው" ብሎ ሲልክ ደግሞ ማን ደፍሮ ይመልሰዋል? አመሻሹ ላይ መከታ አንገቱን ማንሳት አቃተው። አቶ ሳህሌ አቅፈውት ወደ ክሊኒኩ በረሩ።

"ምን በላ?" አለች ዶክተር እምነት።

"ምንም አልበላም።"

"አቶ ሳህሌ!"

"አልበላም ልጄ፤ ቀመሰ እንጂ። ሰፈሩ በሙሉ አስቀመሰው" አሉና እንደ ሕፃን አለቀሱ።

መከታ ክሊኒክ ተኛ። የክሊኒኩ በር ላይ "ጠያቂ አይገባም" የሚል ወረቀት ተለጥፏል፤ አቶ ሳህሌ በቅናት አዩት። ወረቀት እንኳን እንዲህ ይደፍራል!

ከቀናት በኋላ መከታ ድኖ ተመለሰ። ወይዘሮ መሰለች "ያ መረቄ ነው የያዘለት" ብለው ለሰው ሁሉ አስረዱ። ሰፈሩም ለደስታው መረቁን፣ ጉበቱን፣ ወተቱን እጥፍ አድርጎ ይዞ መጣ። አቶ ሳህሌ አሁንም እምቢ ማለት አልሆነላቸውም፤ ውሻቸውን ግን ዳግመኛ ለሞት አያጋልጡም። "በኋላ አበላዋለሁ" እያሉ ሁሉንም ተቀበሉ። እህል መጣል ደግሞ ኃጢአት ነው። ምን ያድርጉ? በሩን ዘግተው ሁሉንም ራሳቸው በሉት።

በማግስቱ አቶ ሳህሌ ሆዳቸውን ይዘው አልጋ ላይ ዋሉ። የጤና ጣቢያው ሐኪምም ለዛሬ ከውሃ በቀር ምንም እንዳይቀምሱ አዘዛቸው። ከሰዓት በኋላ የግቢው በር ተንኳኳ፤ ወይዘሮ መሰለች ከነድስታቸው፣ አቶ ቀናው ከነንግግራቸው ገቡ።

መከታ ከአልጋው ሥር ተነሣ። ደፍ ላይ ቆመና ጥርሱን አሳያቸው።

"ሂድ ወዲያ! እኛ አይደለንም እንዴ ያስታመምንህ?" አሉ አቶ ቀናው። መከታ አጉረመረመ። አቶ ቀናው ንግግራቸውን ውጠው ወደ ኋላ አፈገፈጉ።

"ወይ ጉድ!" ብለው ጮኹ ወይዘሮ መሰለች ድስታቸውን እንዳቀፉ። "አሳዳጊ የበደለው! ይሉኝታ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም!"

አቶ ሳህሌ ብርድ ልብሳቸውን እስከ አፍንጫቸው ሳቡና "ተባረክ ልጄ" አሉ፤ ወይዘሮ መሰለች እንዳይሰሟቸው ቀስ ብለው።